ሚካኤል ዩንግ ሦስት የኦሎምፒክ ወርቅ እንዴት ወሰደ? ጎንደር ላይስ ከምን ይጀመራል?

ቀሃ_ማዶ

ጤና ይስጥልኝ ፈረስ ወዳዶች። ሁለት ጥያቄ አለኝ፤ የማይገናኙ ቢመስሉም ይገናኛሉ።

አንደኛው ስለ ጀርመናዊው የኢቨንቲንግ ፈረሰኛ ስለ ሚካኤል ዩንግ ነው። የሚጻፈው ሁሉ «በተከታታይ ሦስት የኦሎምፒክ ወርቅ» ብሎ ያልፋል። ኢቨንቲንግ ማለት ድሬሳዥ (ፈረሱ የታዘዘውን እንቅስቃሴ በሥርዓት የሚያሳይበት)፣ አገር አቋራጭ፣ የመሰናክል ዝላይ፤ ሦስቱም በአንድ ፈረስና በአንድ ጋላቢ መሆኑን አውቃለሁ። ግን እንደ ሩጫ መጀመሪያ የገባውን አይቶ አሸናፊውን መለየት አይቻልም። ነጥቡ እንዴት ነው የሚያዘው? ሰውዬውስ ከሌላው በምን ይለያል?

ሁለተኛው የእኛው ነው። አዘዞ አካባቢ 150 በ100 ሜትር የሚሆን የግጦሽ ሜዳ ተፈቅዷል። አራት ልጆች አሉ፤ ሁለቱ ሴቶች፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 19። ሁሉም ጉግስ ያውቃሉ፣ በጥምቀትም ይጋልባሉ። ፈረሶቹ ሦስት ናቸው፤ ሁለቱ ጋሪ ሲጎትቱ የኖሩ። ከመሬት እስከ ጫንቃ ሲለኩ 130፣ 132 እና 136 ሳ.ሜ. ናቸው። ኮርቻውም ልጓሙም የአገር ቤት ነው። አጣና እንደ ልብ ይገኛል። በዚህ ትንሽ የሦስት ዙር ውድድር ማሰናዳት ይቻላል? ቁመቱ፣ ርቀቱ፣ ፍጥነቱ ስንት ይሁን? «አይቻልም» የሚል ካለም ምክንያቱን ይንገረኝ።

ሽምጥ_27

መጀመሪያ እርማት። በተከታታይ አይደለም። ለንደን 2012፣ ሪዮ 2016፣ ፓሪስ 2024 ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። መሃል ላይ ቶኪዮ አለች፤ እዚያ 8ኛ ወጥቷል። በግል ሦስት የኢቨንቲንግ ወርቅ የወሰደ ሰው ግን ከእሱ በፊት አልነበረም፤ ያ እውነት ነው።

ነጥቡን ለመረዳት ዕዳ ነው ብለህ አስበው። ሁሉም የሚቆጠረው ዕዳ ነው፤ ትንሽ ዕዳ ይዞ የጨረሰ ያሸንፋል።

በድሬሳዥ ዳኞች ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ከ0 እስከ 10 ይሰጣሉ፤ ድምሩ በመቶኛ ይሰላል፣ ከ100 ይቀነሳል፣ የተረፈው ዕዳህ ነው። 72 በመቶ ያገኘ 28 ዕዳ ይዞ ይወጣል። በአገር አቋራጭ ፈረሱ አንድ ጊዜ እምቢ ካለ 20፣ በዚያው መሰናክል ላይ ደግሞ እምቢ ካለ 40፣ ሦስተኛው መሰናበት ነው። ጋላቢው ከወደቀም መሰናበት። ከተወሰነው ሰዓት በላይ ለምትሄድባት ለእያንዳንዷ ሰከንድ 0.4 ይጨመራል። ቀድሞ መግባት ምንም አይጨምርልህም። ፈረሱ ክፉኛ ሲመታቸው እንዲወድቁ ተደርገው የሚሠሩ መሰናክሎች አሉ፤ እነሱን ያነቃነቀ 11 ይከፍላል። በመጨረሻው የመሰናክል ዝላይ አንድ አግዳሚ ሲወድቅ 4 ነው።

አሁን ይህን ይዘህ የዩንግን ሥራ ተመልከት። በ1982 ተወለደ፤ ያደገው በደቡብ ጀርመን ሆርብ አጠገብ አባቱ በሚመራው የፈረስ ማሰልጠኛ ነው። ስሙን ያስጠራው ሳም የሚባል ዳማ ፈረስ ነው፤ የተኮላሸ፣ በ2000 የተወለደ። በሳም በ2010 ኬንታኪ ላይ የዓለም ሻምፒዮን፣ በ2011 ሉምዩለን ላይ የአውሮፓ ሻምፒዮን፣ በ2012 ለንደን ላይ የኦሎምፒክ ሻምፒዮን ሆነ። ሦስቱን ማዕረጎች በአንድ ጊዜ የያዘ የመጀመሪያው ፈረሰኛ ነው።

የለንደኑ ቀን 30ኛ የልደት ቀኑ ነበር። 40.6 ዕዳ ይዞ ጨርሶ ቆሟል። ከእሱ በኋላ የቀረችው ስዊድናዊቷ ሳራ አልጎትሶን ኦስትሆልት 39.3 ይዛ ትዘላለች። አንድም ሳትጥል መጨረሻው መሰናክል ደረሰች። እዚያ አንዲት አግዳሚ ወደቀች፤ 43.3። ወርቁ የዩንግ ሆነ። የሁለት ዓመት ልፋት በአንድ እንጨት ላይ ሲያርፍ ይኸው ነው።

ሪዮ ላይ በዚያው በሳም 40.9 ይዞ ከድሬሳዥ ወጣ፣ በ40.9 ጨረሰ። በሦስት ቀን ውስጥ አንድ ነጥብ አልጨመረም። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ፦ የያኔውን 40 ከዛሬው 20 ጋር አታወዳድሩ። እስከ 2017 ድረስ የድሬሳዥ ዕዳ በ1.5 ይባዛ ነበር፤ ከ2018 ወዲህ ቀርቷል። ይህን ሳያውቁ «ፈረሰኞቹ በእጥፍ ተሻሻሉ» የሚሉ አሉ።

ሦስተኛው ወርቅ የመጣው ቺፕመንክ በሚባለው፣ በ2008 በተወለደው ፈረስ ነው። ቺፕመንክን አሠልጥና ያሳደገችው ዩሊያ ክራዬቭስኪ ነበረች፤ በ2019 ወደ ዩንግ ተዛወረ። ቶኪዮ ላይ ቺፕመንክ የ14ኛውን መሰናክል ሦስተኛ ክፍል በእግሩ ነካው፤ ማሠሪያው ተለቀቀ፤ 11 ነጥብ፤ ዩንግ 8ኛ። በዚያው ውድድር ወርቁን የወሰደችው ማን መሰለህ? ፈረሱ የተወሰደባት ክራዬቭስኪ፣ አማንድ በምትባል ባዝራ ላይ ተቀምጣ። በግል የኢቨንቲንግ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። በ2022 ደግሞ ዩንግ በዓለም ሻምፒዮና ላይ እየመራ ወደ መጨረሻው ቀን ገብቶ ሁለት አግዳሚ ጣለ፤ 5ኛ ሆነ።

ፓሪስ ላይ ድሬሳዡን በ17.8 ጨረሰ፤ በኦሎምፒክ ከዚያ ያነሰ ዕዳ ታይቶ አያውቅም። አገር አቋራጩ ላይ ምንም አልጨመረም። በዝላዩ አንዲት አግዳሚ፤ 21.8፤ ወርቅ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ በመጀመሪያው ቀን ዕዳውን ዝቅ አድርጎ ስለገባ አንዲት እንጨት የመጣል አቅም ነበረው። ሌሎቹ አልነበራቸውም።

ፍጥነትን በሚመለከትም ብዙ ሰው ይሳሳታል። በከፍተኛው ደረጃ ፍጥነቱ በደቂቃ 570 ሜትር ነው፣ መሰናክሉ ከ40 በላይ ሊደርስ ይችላል። ከእያንዳንዱ መሰናክል በፊት ልጓም በመሳብ አንዲት ሰከንድ ብቻ ብታባክን 40 ሰከንድ፣ ማለትም 16 ነጥብ፣ ማለትም አራት አግዳሚ ነው። ዩንግ ሰከንዱን የሚያተርፈው ሽምጥ በማስጋለብ ሳይሆን ባለመሳብ ነው። የአገር አቋራጭ ቪዲዮውን ድምፁን አጥፍታችሁ እጁን ብቻ እዩ፤ ከመሰናክሉ ስድስትና ሰባት እርምጃ ቀደም ብሎ ወገቡን ያቃናል፣ ፈረሱ ራሱ ይሰበሰባል፣ ከዚያ በኋላ እጁ ዝም ነው።

ዳማ_ፈረስ

@ሽምጥ_27 ጥሩ ብለሃል፣ ግን ሁሉን ለጋላቢው አትስጥ። ኒውዚላንዳዊው ማርክ ቶድ በ1984 ሎስ አንጀለስ እና በ1988 ሴኡል በተከታታይ የወሰደው (እነሆ «በተከታታይ» የሚባለው ይህ ነው) በአንድ ፈረስ፣ በካሪዝማ ነው። ካሪዝማ 160 ሳ.ሜ. ገደማ ነበር፤ ቶድ ደግሞ ረጅም ሰው ስለሆነ እግሩ ከሆዱ በታች ይንጠለጠላል። ትንሽ ፈረስ ነው ብለው የናቁት አፈሩ። ዩንግም ቢሆን ሳምን ከ10 እስከ 16 ዓመቱ ድረስ ሳያነክስ በከፍተኛ ደረጃ ማቆየቱ ነው ትልቁ ሥራው። በ2015 ኬንታኪን በሮካና፣ በርግሊን በሳም፣ በ2016 ባድሚንተንን በሳም አሸንፎ ሦስቱን ትልልቅ ውድድሮች የጠቀለለውም ከአንድ በላይ ጤነኛ ፈረስ ስላለው ነው። ከእሱ በፊት ይህን ያደረገችው በ2003 ፒፓ ፈነል ብቻ ናት።

ለጠያቂው አንድ ነገር፦ በ1995 ባድሚንተን ላይ የቶድ የርካብ ጠፍር ተበጠሰ፤ አብዛኛውን መንገድ በአንድ ርካብ ጨረሰ። እሱ ቶድ ስለሆነ ነው። ልጆቹ ከመጋለባቸው በፊት ጠፍሩን በየቀኑ፣ በተለይ ዘለበቱ የሚገባበትን ቀዳዳ፣ አጥፋችሁ እዩት። የተሰነጠቀ ቆዳ በቅባት አይድንም።

የአዘዞ_ባልደራስ

ቀሃ ማዶ፣ ይቻላል። ነገር ግን ከመሰናክሉ አትጀምር፤ ከሚዛን ጀምር።

የፈረሱን ክብደት በሜትር ማወቅ ይቻላል። ከፊት እግሩ ኋላ ደረቱን ዙሪያ ለካ፤ ከደረቱ ጫፍ እስከ መቀመጫው አጥንት ርዝመቱን ለካ። የዙሪያውን ልኬት በራሱ አባዛ፣ በርዝመቱ አባዛ፣ ለ11,880 አካፍል። ዙሪያው 145፣ ርዝመቱ 130 ሳ.ሜ. ከሆነ 230 ኪሎ ይመጣል። ፈረስ ሊዘል ሲሆን ጋላቢና ኮርቻ ተደምረው ከክብደቱ 20 በመቶ ባይበልጡ ነው። ስለዚህ ለ230 ኪሎ ፈረስ 46 ኪሎ፤ ኮርቻውን ጨምሮ። አገር ሰላም ብሎ 65 ኪሎ ጎረምሳ የሚሸከም ፈረስ በደልዳላ መሬት ይችለዋል፤ ሲዘል ግን ሲያርፍ ነው ጉዳቱ፣ ሸክሙ ሁሉ የፊት እግር ጅማት ላይ ይወድቃል።

ኮርቻው። የእኛ ኮርቻ ፊትና ኋላው ከፍ ያለው ለጉግስ ነው፤ ጦር ሲመክቱ ያስደግፋል። ሲዘሉ ግን ጋላቢው ወደ ፊት መሄድ አለበት፣ ያ የፊቱ ከፍታ ሆዱን ይወጋዋል። ፊቱ ዝቅ ያለ ኮርቻ እስኪገኝ ከ40 ሳ.ሜ. በላይ አታዝልሉ። አውራ ጣት ብቻ የሚገባበት ርካብም ለዚህ አይሆንም፤ ሙሉ እግር የሚገባበት፣ ከጫማው ሁለት ሳ.ሜ. ተኩል የሚሰፋ፣ ጫማውም አጭር ተረከዝ ያለው ይሁን። ተረከዝ የሌለው ጫማ ሾልኮ ያልፍና ልጁ ሲወድቅ ይጎተታል።

ልጓሙ ደግሞ ዋናው ነው። ከታችኛው መንጋጋ ሥር የሚዞር ቀለበት ያለው የአገር ቤቱ ልጓም በአንድ እጅ ለማቆም ነው የተሠራው። ፈረሱ በአየር ላይ ሳለ የልጁ እጅ አንድ ጊዜ ከነጠቀው አፉ ይቆስላል፣ በሚቀጥለው አንገቱን ሽቅብ ወርውሮ እምቢ ይላል። ከዚያ በኋላ ፈረሱ «ሰነፍ» ይባላል። ሰነፍ አይደለም፤ አስታወሰ። መሃሉ የሚታጠፍ ለስላሳ ልጓም ፈልጉ፤ ዛቡም በሁለት እጅ ይያዝ። የጉግስ ልጆች ሚዛናቸውና ድፍረታቸው ግሩም ነው፤ የሚያስቸግረው ሽምጥ ጋልቦ ድንገት ቀጥ የማድረግ ልማዳቸው ነው። እሱን መጀመሪያ አስጥሏቸው።

ጋሪ የጎተቱትን ፈረሶች በተመለከተ፦ ሶምሶማ ያውቃሉ፣ ደንገላሳ ግን ተከልክለው ነው የኖሩት። ደንገላሳ ሲጋልቡ የተቆጧቸው ይመስላቸዋል። ለአንድ ወር በረጅም ገመድ ያለ ጋላቢ በክብ አስሩጧቸው፤ በሁለቱም አቅጣጫ እኩል። ደረታቸውና ጫንቃቸው ላይ የቆየ ቁስል ካለ ጠባሳው እስኪጠና ኮርቻ አይነካው።

መሬት ላይ በሚጋደም አጣና ጀምሩ። ለ130 ሳ.ሜ. ፈረስ በሶምሶማ አምስት አጣናዎች በ110 እስከ 120 ሳ.ሜ. ርቀት (ለትልልቆቹ የፈረንጅ ፈረሶች 130 እስከ 140 ነው፤ ከመጽሐፍ ገልብጣችሁ ብታስቀምጡ ፈረሳችሁ ይደናቀፋል)። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለት አጣና በመስቀል አድርጋችሁ መሃሉ 40 ሳ.ሜ. የሆነ፣ ከፊቱ በ2 ሜትር ከ20 ላይ አንድ የተጋደመ አጣና ያለው መሰናክል ሥሩ። ሁለት መሰናክል ሲከታተል መሃሉ አንድ ርምጃ እንዲገባ ለትልቅ ፈረስ 7 ሜትር ከ20 ያህል ነው፤ ለእናንተ ከ6 ሜትር እስከ 6 ከ40 ሞክሩ። ፈረሱ ሰፍቶ ከገባ አጥብቡ፣ ተጣቦ ከዘለለ አስፉ። ኮቴው መሬት ላይ ይነግራችኋል፤ ከእያንዳንዱ ዝላይ በኋላ ዱካውን ለኩ።

የዝላይ አግዳሚው 3 ሜትር ርዝመትና 10 ሳ.ሜ. ያህል ውፍረት ይኑረው። ቀጭን አጣና ፈረሱ አያከብረውም፣ ሲሰበርም እንደ ጦር ይሾላል። የሚቀመጥበት ማስደገፊያ ጎድጓዳ እንዳይሆን፤ ሲነካ መውደቅ አለበት። በሽቦ ማሰር ክልክል ነው በሉ። ቀይ ቀለም አታባክኑ፤ ፈረስ ቀይንና ብርቱካንን ከሣሩ አይለይም። ኖራ ቀቡት።

የአገር አቋራጩ መሰናክል ግን ተቃራኒ ነው፤ አይነቃነቅም። ስለዚህ ወፍራም፣ 30 ሳ.ሜ. እና ከዚያ በላይ የሆነ ግንድ፣ ላዩ ክብ፣ ቅርንጫፉ የተመለመለ፣ ምስማር የሌለው፤ ሥሩ ክፍት እንዳይሆን በአፈር ይሞላ። ከፊቱ በ20 ሳ.ሜ. ላይ ቀጭን እንጨት አጋድሙ፤ ፈረስ ከፍታን የሚለካው ከሥሩ ነው። ያ እንጨት በስህተት ከግንዱ ኋላ ከሆነ ፈረሱ ርቀቱን ተሳስቶ ዘግይቶ ይነሳል፣ ጉልበቱ ግንዱን ይመታል፣ ይገለበጣል። በዚህ ስፖርት ሰው የሚሞተው ፈረስ ሲገለበጥበት ነው። 50 ሳ.ሜ. ጀምሩ፤ በመጀመሪያው ዓመት ከ60 አትለፉ።

ሜዳችሁ 150 በ100 ስለሆነ ዳር ዳሩን ጥጉን እያጠፋችሁ ሁለት ዙር 900 ሜትር ገደማ ይሰጣል። በደቂቃ 300 ሜትር ብትይዙ ሦስት ደቂቃ። ስምንት መሰናክል ይበቃል። መንገዱን ፈረሱ በሚሄድበት መስመር፣ በ50 ሜትር ገመድ ለኩት፤ በእግር አትገምቱ። ድሬሳዡን 20 በ40 ሜትር በኖራ አስምሩ፤ ርምጃ፣ ሶምሶማ፣ 20 ሜትር ክብ በግራና በቀኝ፣ ቀጥ ብሎ መቆም። ዐሥር እንቅስቃሴ በቂ ነው፣ አንድ ዳኛ አንድ ጸሐፊ።

አፈሩ ዋልካ ከሆነ ወቅቱን አስቡበት። በክረምት ኮቴ ይውጣል፣ ከየካቲት ወዲያ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቅ ውስጥ የገባ እግር የት ይወጣል? ኅዳርና ታኅሣሥ ነው የእናንተ ጊዜ።

ቀሃ_ማዶ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሜትር ይዤ ነው የማነበው። ልብ ያላልኩት የሚዛኑን ነገር ነበር፤ ከልጆቹ አንዱ 58 ኪሎ ነው። እሱን ምን ላድርገው? ሌላው፣ «ያላበው ፈረስ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከፈሰሰ ጅማቱ ይያዛል» ይባላል። እርስዎስ ምን ይላሉ?

የአዘዞ_ባልደራስ

የውሃውን ለሐኪሞቹ ልተወው። ልጁን ግን ምን ታደርገዋለህ፣ ከኮርቻ ጋር 64 ኪሎ ከሆነ 320 ኪሎ ፈረስ ይፈልጋል፣ የለህም። በገመድ አሠልጣኝ፣ መንገድ ለኪ፣ ሰዓት ያዥ አድርገው። ድሬሳዡን በትልቁ ፈረስ፣ በርምጃና በሶምሶማ ብቻ፣ ለ20 ደቂቃ ይጋልብ።

ሰኮና_ሐኪም

የውሃው ነገር የቆየ ወሬ ነው። የሚገድለው ሙቀቱ እንጂ ውሃው አይደለም። የፈረስ የዕረፍት ሙቀት ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ነው። ከግልቢያ በኋላ 40 ካለፈ ኮርቻውን አውርዱና መላ ሰውነቱን፣ አንገት፣ ደረት፣ ጎን፣ ታፋ፣ ሳታቋርጡ በውሃ አጥቡት። ሁለት ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቀድማችሁ ጥላ ሥር አስቀምጡ። ትልልቁ ውድድር ላይ በረዶ የተቀላቀለበት ውሃ ነው የሚያፈሱበት። ስህተቱ አንድ ባልዲ አፍስሶ፣ እርጥብ ጨርቅ አልብሶ ማቆም ነው፤ ጨርቁ ሙቀቱን አፍኖ ይይዘዋል። አፍስሱ፣ ጥቂት አራምዱ፣ ደግማችሁ አፍስሱ። መጠጣት ከፈለገም ወዲያው ጥቂት ጥቂት ይጠጣ።

የልብ ምቱን ከመንጋጋው ሥር ባለው ደም ሥር ላይ ሁለት ጣት አስቀምጣችሁ ቁጠሩ፤ 15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ነው። በዕረፍት ከ28 እስከ 44። ከሮጠ በኋላ በ15 ደቂቃ ውስጥ ከ64 በታች ካልወረደ ያ ፈረስ ለዚያ ሥራ አልደረሰም፤ በማግስቱ አይዝለል። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ከቆላ የመጣ ፈረስ ካለ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምቱ ከፍ ይላል፣ አትቸኩሉበት።

ብቃቱን በዙር ገንቡት፦ ሦስት ደቂቃ ደንገላሳ፣ ሦስት ደቂቃ ርምጃ፣ ሦስት ጊዜ። ይህን በየአራተኛው ቀን እንጂ በየቀኑ አይደለም። በመሃሉ ዳገት ላይ በርምጃ ማውጣት ከሩጫ የበለጠ ይጠቅማል፤ ዳገት ደግሞ እዚህ አላጣችሁም። አስፋልትና ኮብልስቶን ላይ ሶምሶማ አታብዙ።

ዩንግ ሳምን ለዓመታት ያቆየው እንዴት ነው ለሚለው መልሱ አንዱ ይኸው ነው፦ በየጠዋቱ የሚዳሰሱ እግሮች። አራቱንም ከጉልበት በታች በእጃችሁ ጀርባ ዳስሱ። አንዱ ከሌላው ከሞቀ ወይም የጅማቱ ቅርጽ ካበጠ፣ ባያነክስም፣ ሥራ ይቁም። በዓለም አቀፍ ውድድር ፈረሶች ከመጀመሪያው ቀን በፊትና ከመጨረሻው ዝላይ በፊት ዛቡ ላላ ብሎ በጠንካራ መሬት ላይ በሶምሶማ ይታያሉ፤ ያነከሰ ይሰናበታል። እናንተም ይህን አድርጉ።

መኖ ላይ፦ ለ230 ኪሎ ፈረስ በቀን አራት ኪሎ ተኩል ገደማ ድርቆሽ፤ ጭድ ብቻውን አይበቃም። ገብስ በአንድ ጊዜ ከአንድ ኪሎ አይበልጥ፤ ሲበዛ ቁርጠት ያመጣል። ከአገር አቋራጩ በፊት ባሉት አራት ሰዓታት እህል የለም። አሞሌ ጨው ሁልጊዜ ይኑር፤ ላብ ጨው ነው።

ከሁሉ የሚብሰው የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ነው። በትንኝ ይተላለፋል፣ ክረምቱ ሲወጣ ይበረታል። ትኩሳት፣ ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ማበጥ፣ ከአፍንጫው አረፋ፤ ይህን ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ ዘግይቷል። ክትባቱ ቢሾፍቱ ይመረታል፤ ዝናብ ከመግባቱ በፊት፣ ግንቦት ላይ፣ በየዓመቱ አስከትቡ። ከክትባቱ በኋላ ሁለት ሳምንት ከባድ ሥራ አይሥሩ። ፀሐይ ስትጠልቅና ስትወጣ ውጭ አታሳድሯቸው።

አገው_ምድር

ሐኪሙ ያነሳው በሽታ ለጠያቂው ሌላም ትርጉም አለው። ልጆቹ ነገ ዩንግን እንሆናለን ካሉ ፈረሳቸውን ይዘው ወደ አውሮፓ መሄድ አይታሰብም፤ በሽታው ካለበት አገር ፈረስ በቀጥታ አይገባም። ደግሞም ከ148 ሳ.ሜ. በታች ያለ ሁሉ በዓለም አቀፍ ሕግ ፖኒ (ትንሽ ፈረስ) ነው። የሚሄደው ጋላቢው ነው። ጀርመን ውስጥ ፈረስ መያዝና ማሠልጠን የሦስት ዓመት የሙያ ትምህርት አለው፤ በረት ከመጥረግ ይጀምራል። የዓለም አቀፍ ውድድሩ ደረጃ ከአንድ ኮከብ እስከ አምስት ነው። ከአንዱ ወደ ቀጣዩ ለማለፍ በድሬሳዥ ዕዳው ከ45 ያልበለጠ፣ አገር አቋራጩን ያለ አንድ እምቢታ የጨረሰ፣ በዝላይ ከ16 ነጥብ ያልበለጠ ውጤት ያስፈልጋል፤ ያውም በተደጋጋሚ። ለኦሎምፒክ ጋላቢው 18፣ ፈረሱ 8 ዓመት መሙላት አለበት። ሴቶቹ ልጆች ደስ ይበላቸው፤ በዚህ ስፖርት ሴትና ወንድ በአንድ ሰንጠረዥ ነው የሚወዳደሩት። ይህም በኦሎምፒክ ኢቨንቲንግ የተፈቀደው በ1964 ነው፤ ከዚያ በፊት የወንዶች ብቻ ነበር፣ መነሻውም የፈረሰኛ ጦር መኮንኖች ፈተና ስለሆነ።

ጥር 23 እንጅባራ ላይ ፈረሰኞች ሲሰበሰቡ መጥታችሁ ፈረስ ምረጡ። 140 ሳ.ሜ. የሚጠጋ ካገኛችሁ ለ58 ኪሎው ልጅ ሳይሆን ለሴቶቹ ስጧቸው።

የአዘዞ_ባልደራስ

አንድ ነገር ዘንግቼ። በእያንዳንዱ መሰናክል ላይ ባንዲራ ትከሉ፤ ቀይ በስተ ቀኝ፣ ነጭ በስተ ግራ፣ ፈረሱ በመሃል ያልፋል። በትልቁ ውድድር ዘሎ ግን ባንዲራውን በከፊል የሳተ 15 ነጥብ ይከፍላል። የባንዲራው ዘንግ ከሸምበቆ ይሁን፤ የብረት ፌሮ ሲወድቁበት ይወጋል።